አንድ ማይል ሳንቲም



የዛሬው ጨዋታዬ ከአንዲት ሳንቲም ይነሣል። አሜሪካውያን ዳይም ይሏታል፤ ዐሥሯ ሲደመር አንድ ዶላር ይሞላል። ከሳንቲሞቻቸው ሁሉ በመጠን ትንሿ እሷ ናት። ኪስ ውስጥ ብትገባ አትታወቅም፤ ብትወድቅም ጎንበስ ብሎ የሚፈልጋት የለም። በ1930ዎቹ ማብቂያ ላይ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) በቺካጎ ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ በ39ኛው ጎዳና ማዕዘን ላይ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለች አንዲት ወጣት ቆርቆሮ ይዛ ቆማ ከአላፊ አግዳሚው ይህችን ሳንቲም ትሰበስብ ነበር። ማርጋሬት ቴይለር ትባላለች፤ ኋላ ዓለም ያወቃት ማርጋሬት ባሮውስ በሚለው ስሟ ነው። የምትሰበስበው ለተራበ አልነበረም፤ የተራበ ግን በሰፈሯ ሞልቷል፤ ዘመኑ ሥራ የጠፋበት፣ ቤተሰብ የተበተነበት ነው። እሷ ቆርቆሮውን የዘረጋችው ለሥዕል ቤት መግዣ ነበር።

ዘመቻው «የዳይም ማይል» ይባላል። ሳንቲሞቹ ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ማይል እንዲሞሉ ነው ሐሳቡ። እኔ ከሒሳብ ጋር እምብዛም ባልዋደድም ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። አንድ ማይል ለመሙላት ወደ 90,000 ዳይም ያስፈልጋል፤ ሲጠቀለል ወደ 9,000 ዶላር ይመጣል። ዛሬ አንድ ትልቅ ሙዚየም ለአንድ ምሽት ግብዣ ከዚህ የበለጠ ያወጣል። ለዚያ ሰፈር ግን 90,000 ጊዜ እጅን ወደ ኪስ መስደድ ማለት ነበር። ይህን ማይል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የቺካጎ ጥቁር ሠዓሊዎች ያጡት የሚማሩበትን ቦታ አልነበረም። የአርት ኢንስቲትዩቱ ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎችን ይቀበል ነበር፤ አርቺባልድ ሞትሊ በ1918 ከዚያ ተመርቋል። ያጡት የሚከፍሉትን ነው፤ ከተማሩ በኋላ ደግሞ ሥራቸውን የሚሰቅሉበትን ግድግዳ። ጆርጅ ኒል በሚባል ሠዓሊ ዙሪያ የተሰባሰቡ ወጣቶች ለመጀመሪያው ችግር አንድ መላ አገኙ። የጭፈራ ድግስ እያዘጋጁ፣ መግቢያ እያስከፈሉ፣ ባገኙት ገንዘብ ከመካከላቸው አንዱን ትምህርት ቤት ይልካሉ። የተላከው የተማረውን ይዞ ይመለስና ለቀሩት ያስተምራል። እኛ ይህን ዕቁብ እንለዋለን፤ ልዩነቱ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤቱ አለመግባቱ ነው። ማርጋሬትም ከእነዚሁ ወጣቶች አንዷ ነበረች።

የሁለተኛው ችግር፣ የግድግዳው፣ መፍትሔ በግማሽ ከመንግሥት መጣ። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ሥራ ላጡ ሠዓሊዎች ሥራ ለመስጠት ባቋቋመው የፌዴራል የሥነ ጥበብ ፕሮጀክት አማካይነት በየከተማው የሥነ ጥበብ ማዕከላት ይከፈቱ ነበር። ውሉ ቀላል ነው፦ የአስተማሪዎቹን ደመወዝና የቤቱን እድሳት መንግሥት ይችላል፤ ቤቱን ግን ሰፈርተኛው ያምጣ። በደቡብ ቺካጎ ከ1938 ጀምሮ ስብሰባው፣ ኮሚቴው፣ ክርክሩ ተጧጧፈ። ሳቮይ በተባለው የጭፈራ አዳራሽ «የሠዓሊዎችና የሞዴሎች ዳንስ» የተሰኘ ምሽት በ1939 ተጀመረ፤ ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ልብሱን ይነድፋሉ፣ መድረኩን ያሳምራሉ፣ ሀብታም የሰፈሩ እመቤቶች ትኬት ይሸጣሉ። ትኬት መግዛት ያልቻለው ደግሞ በማርጋሬት ቆርቆሮ ውስጥ ዳይሙን ይጥላል። ሁለቱ መንገዶች አንድ ላይ መሄዳቸውን ልብ በሉልኝ። ዳንሱ ብቻ ቢሆን ቤቱ የእመቤቶቹ ክበብ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ዳይሙ ብቻ ቢሆን ምናልባት እስከ ዛሬ እየተሰበሰበ ይሆን ነበር።

የተገዛው ቤት ሚሺጋን ጎዳና ላይ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ለአንድ የእህል ነጋዴ የተሠራ የባለጸጋ ቤት ነው። ሰፈሩ የጥቁሮች ሲሆን ባለጸጎቹ ነጮች ጥለውት ሄደዋል። በዲሴምበር 1940 በሩ ተከፈተ፤ በሜይ 7 ቀን 1941 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሌኖር ሩዝቬልት ተገኝታ መረቀችው፤ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፈላስፋው አሌን ሎክም መጥቶ ነበር። ደቡብ ሳይድ ኮሚኒቲ አርት ሴንተር ተባለ። ምድር ቤቱ ውስጥ ጎርደን ፓርክስ የፊልም ማጠቢያ ጨለማ ክፍል አገኘ፤ በኋላ የአገሩ ታላቅ ፎቶ አንሺና የፊልም ዳይሬክተር ሆነ። ላይኛው ቤት ውስጥ ግዌንዶሊን ብሩክስ የግጥም ትምህርት ተከታተለች፤ በ1950 የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ደራሲ ሆነች። ሠዓሊው ቻርልስ ኋይት ሣለ፣ አስተማረ።

የዋናው አዳራሽ ግድግዳ በእንጨት የተለበጠ ነው። ያ እንጨት ዛሬም አለ፤ በምስማር ተበሳስቷል። አንድ ኤግዚቢሽን ሲወርድ ሌላው ሲሰቀል፣ ሰማንያ ዓመት ሙሉ የተመታው ምስማር ቀዳዳውን ትቶ ሄዷል። በሌላ ሙዚየም ቢሆን በማግስቱ ተደፍኖ ቀለም ይቀባ ነበር። እዚህ ግን ቀዳዳዎቹ ራሳቸው መዝገብ ናቸው።

በ1943 የፌዴራሉ ፕሮጀክት ተዘጋ። በመላው አገሪቱ ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ማዕከላት ተከፍተው ነበር፤ የመንግሥቱ ገንዘብ ሲቆም አብዛኞቹ አብረው ቆሙ። የደቡብ ቺካጎው ግን እስከ ዛሬ በሩ ክፍት ነው። ዕድልም ይኖርበታል፣ የጥቂት ሴቶች ግትርነትም ይኖርበታል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማምነው በዚያ ማይል ነው። ዳይሟን የጣለ ሰው በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር ቀና ብሎ ያያል፤ አምፖል ቢጠፋ «ምነው?» ይላል። የመንግሥት ገንዘብ እንዲህ ያለ ሰው አያፈራም፤ የሚያፈራው ሪፖርት ነው።

እዚህ ላይ ንግግሬን ባቆም ደስ የሚል ተረት ይሆን ነበር። ድሆች አዋጡ፣ ቤት ገዙ፣ ጥበብ ዳነ። ነገር ግን ተዋጥቶም የሚጠፋ ነገር እንዳለ ካላየን የቺካጎው ቤት ለምን ጸንቶ እንደ ቆመ አይገባንም። ስለዚህ ሰባ አምስት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ።

በአፕሪል 1865 አብርሃም ሊንከን ተገደለ። ወሬው ኦሃዮ ውስጥ ሲሰማ ሻርሎት ስኮት የምትባል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት የኖረች ሴት፣ ነጻ ከወጣች ወዲህ ሠርታ ያገኘችውን የመጀመሪያ 5 ዶላር አውጥታ ለሊንከን መታሰቢያ እንዲሆን ሰጠች። 5 ዶላሩ ሌላውን ቀሰቀሰ። ከባርነት የወጡ ሰዎች፣ በተለይም ገና የጦር ልብሳቸውን ያላወለቁ ጥቁር ወታደሮች፣ ከደመወዛቸው እየቆረጡ ላኩ። የተሰበሰበው ከ16,000 ዶላር አለፈ። ከዚያ በፊት ንብረት የነበሩ ሰዎች፣ ከራሳቸው ውጪ ምንም የሌላቸው ሰዎች፣ በዋሺንግተን ከተማ ሐውልት ያቆማሉ ማለት ነው። ስለዚህ መዋጮ ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ገንዘቡ ግን የተቀመጠው ሴንት ሉዊስ ውስጥ በነበረ የነጮች የበጎ አድራጎት ኮሚሽን እጅ ነው። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ የባርነት ጠላቶች፣ ቅን አሳቢዎች ነበሩ። ንድፉን የመረጡት ግን እነሱ ናቸው፤ ቀራጺውም ቶማስ ቦል የሚባል ነጭ አሜሪካዊ ነው። ላዋጡት ሰዎች «ምን ዓይነት ሐውልት ትፈልጋላችሁ?» ተብሎ የቀረበ ጥያቄ አልነበረም። በአፕሪል 14 ቀን 1876 ሐውልቱ ሲገለጥ የታየው ይህ ነው፦ ሊንከን በግርማ ቆሟል፤ አንድ እጁ የነጻነት ዐዋጁን ይዟል፤ ሌላውን እጁን ከእግሩ ሥር ባለ ራቁቱን በተንበረከከ ጥቁር ሰው ላይ ዘርግቷል። የሰውዬው ሰንሰለት ተበጥሷል፣ ፊቱም ቀና ብሏል፤ ጉልበቱ ግን መሬት ላይ ነው።

የምረቃውን ንግግር ያደረገው ከባርነት አምልጦ የጥቁሮች መብት ታጋይ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው፤ ፕሬዚዳንት ግራንት ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ዳግላስ በታተመው የዕለቱ ንግግሩ ስለ ሐውልቱ አቋቋም አልተናገረም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ለአንድ የዋሺንግተን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጥቁሩ ሰው እንደ አራት እግር እንስሳ ወድቆ ሳይሆን እንደ ሰው በሁለት እግሩ ቆሞ የሚታይበት ሐውልት ከመሞቱ በፊት ለማየት እንደሚመኝ ገለጸ። ሐውልቱ ዛሬም እዚያው ሊንከን ፓርክ ውስጥ አለ። ከሥሩ ባለው የነሐስ ጽሑፍ ላይ የሻርሎት ስኮት ስም ሰፍሯል፤ የሰጠችው 5 ዶላርም ተጠቅሷል። ተመስግናለች፤ አልተጠየቀችም።

«ምናልባት በዘመኑ ጥቁር ቀራጺ አልነበረ ይሆናል» የሚል ይኖራል። ነበረች። ኤድሞኒያ ሉዊስ ትባላለች፤ አባቷ ጥቁር፣ እናቷ ከኦጂብዌ ነገድ። ቦስተን ውስጥ፣ የጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦር አዛዥ ሆኖ የሞተውን የሮበርት ሾውን ከደረት በላይ የሚያሳይ ሐውልት ቀርጻ፣ ቅጂዎቹን በጀሶ እያባዛች ሸጠች፤ በዚያ ገንዘብ ሮም ሄደች። በ1867 እዚያው ሮም ውስጥ በዕብነ በረድ የጨረሰችው ሥራ «ለዘላለም ነጻ» ይባላል። ወንዱ ቆሞ፣ የተበጠሰውን ሰንሰለት ያንጠለጠለ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቷል። ሴቲቱ ከጎኑ ተንበርክካለች፤ «እሷስ ለምን አልቆመችም?» ብላችሁ ብትከራከሩኝ አልቀየምም፤ ራሴም እጠይቃለሁ። ነገር ግን ከዋሺንግተኑ ሐውልት ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ፣ የቆመ ጥቁር ሰው በዕብነ በረድ ተቀርጾ ነበር። የሚያዝዝለት ነው የጠፋው። ያ ሥራ ዛሬ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም። ቁልፉ ከአንድ በላይ ነው፤ ያዦቹም የተለያዩ ናቸው። አባቶቻችን ይህን ሲያደርጉ ሌባን ፈርተው ብቻ አይመስለኝም። ሣጥኑን የሞላው ምእመን ነው፤ ሲከፈት እሱን ወክሎ የቆመ ሰው መኖር አለበት። በሊንከን ሐውልት ታሪክ ውስጥ ሣጥኑን የሞሉት አንዶቹ፣ ቁልፉን የያዙት ሌሎቹ ናቸው፤ ሌብነት ግን አልነበረም። አንዲት ሳንቲም ሳትጠፋ ሐውልቱ ከባለቤቶቹ ጠፋ።

ከዚህ የተማሩ ሴቶች ነበሩ። የዚያው የዳግላስ መኖሪያ፣ በዋሺንግተን ኮረብታ ላይ ያለው ሲዳር ሂል፣ ባለቤቱ ሄለን በ1903 ስትሞት ዕዳ ተይዞበት ቀረ። በ1916 የጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ማኅበር በፕሬዚዳንቷ በሜሪ ታልበርት መሪነት ጉዳዩን ያዘው። በየከተማው ያሉት የሴቶች ክበቦች አዋጡ፤ ከግለሰቦች ትልቁን ገንዘብ የሰጠችው በፀጉር ቅባት ንግድ የከበረችው ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር ናት። በ1918 ዴንቨር ላይ ባደረጉት ጉባኤ የዕዳውን ወረቀት በእሳት አቃጠሉት። ቤቱ በ1922 ለጎብኚ ተከፈተ፤ መንግሥት የተረከበው ከዚያ 40 ዓመት ቆይቶ፣ በ1962 ነው። እነዚያን 40 ዓመታት ጣሪያው ሲያፈስ የጠገኑት አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው በየትኛውም ነሐስ ላይ ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው። መታሰቢያ ለመትከል ገንዘብ ማግኘት ቀላል ነው፤ ለጣሪያ ቆርቆሮ ግን ማን ያጨበጭባል?

ቁልፉ በራስ ሰው እጅ ከሆነ ሁሉም ይሰምራል ብዬ ግን አልሸነግላችሁም። ወደ ቺካጎ ልመልሳችሁ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ኮሚኒስት በማደን ትታመስ ነበር። ማርጋሬት የግራ ሰዎች ወዳጅ ነበረች፤ የግራ ታጋዩን ዘፋኝ ፖል ሮብሰንን የምታከብር፣ አፏን የማትይዝ መምህርት። በማዕከሉ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ፈሩ። መንገድ ላይ ቆማ ዳይም የሰበሰበችለት ቤት ገፋት። የገፏት ነጮች አልነበሩም፤ የራሷው ሰፈር ሰዎች ናቸው። የማኅበረሰብ ገንዘብ ከማኅበረሰቡ ፍርሃት አያስጥልም፤ ኮሚቴ ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

እሷ ምን አደረገች? በ1952 ሜክሲኮ ሄደች፤ እዚያ በሕዝባዊ ኅትመት ሠዓሊዎች ዘንድ የሊኖ ኅትመት ሙያዋን አዳበረች። ሊኖ ማለት የወለል ንጣፍ የሚሆን ለስላሳ ነገር ነው፤ በቢላ ይቀረጻል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ይጫንበታል። ከአንዱ ቅርጽ ብዙ ቅጂ ይወጣል፤ ስለዚህ በርካሽ ይሸጣል። ዳይም የሰጠው ሰው ሥዕል ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባበት መንገድ ይህ ነው። ተመልሳ ማስተማሯን ቀጠለች። በ1961 ደግሞ ከባሏ ከቻርልስ ባሮውስና ከጥቂት ወዳጆቻቸው ጋር በዚያው ሚሺጋን ጎዳና፣ ከማዕከሉ ፊት ለፊት በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው፣ ሙዚየም ከፈተች። ቤቱ ቀድሞ የጥቁር የባቡር ሠራተኞች ክበብ ነበር። ምድር ቤቱን አጽድተው ኤቦኒ የተባለ የጥቁሮች ታሪክና ጥበብ ሙዚየም አሉት። ሰዎች ከሣጥን ሥር የአያታቸውን ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የተቀረጸ እንጨት እያወጡ አመጡ። ገንዘብ የሌለው ቅርስ አዋጣ ማለት ነው። በ1968 ስሙ ከነባር ሕዝቦች ውጪ የቺካጎ የመጀመሪያው ቋሚ ነዋሪ በሆነው በጥቁሩ ነጋዴ በዱ ሳብል ተተካ፤ በ1973 በዚያው በቺካጎ፣ ዋሺንግተን ፓርክ ውስጥ ወዳለ ትልቅ ሕንፃ ተዛወረ። እዚያው አለ። እሷም በ2010 አረፈች።

እንግዲህ በአንድ ጎዳና ላይ፣ ፊት ለፊት፣ ሁለት ቤቶች ቆሙ። ሁለተኛው የተወለደው ከመጀመሪያው ቁጣ ነው። ይህን ለምን ሳልደብቅ ነገርኳችሁ? ማኅበር ሲጣላ «ፈረሰ» ብለን የምናዝን ስላለን ነው። አንዳንዴ ጥሉ ራሱ ወልዶ ይሄዳል።

እስካሁን ያወራሁት በአብዛኛው ገንዘብ ስለሚያዋጡ ሰዎች ነው፤ አሁን ሥራውን ስለሚያዋጣው ሠዓሊ ትንሽ ላማርር። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት በአንድ የገቢ ማሰባሰቢያ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ሠዓሊዎችን እየዞርን ለጨረታ የሚሆን ሥዕል እንዲለግሱን ጠየቅን። አንዱ በትሕትና አዳመጠኝና «ለእራቱ ያበሰለው ሰው ተከፍሎታል?» አለኝ። ተከፍሎታል። «ለሙዚቀኛውስ?» ለእሱም። «ስለ ጥበብ በምትበሉት እራት ላይ በነጻ የሚመጣው ጥበቡ ብቻ ነዋ!» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በአሜሪካ ይህን ነገር ሕጉም ያባብሰዋል። ሥዕል የገዛ ሰብሳቢ ሥዕሉን ለሙዚየም ሲሰጥ በገበያ ዋጋው ልክ ከግብር ይቀነስለታል። ሠዓሊው የራሱን ሥራ ሲሰጥ ግን የሚቀነስለት የሸራውና የቀለሙ ዋጋ ብቻ ነው፤ ከ1969 ጀምሮ እንዲህ ነው። ስለዚህ በየበጎ አድራጎቱ ጨረታ ላይ ትልቁን የሚሰጠው ሰው በመዝገብ ላይ ትንሹን የሰጠ ሆኖ ይታያል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ናሽቪል ውስጥ ከባርነት ለወጡ ሰዎች በ1866 የተከፈተው የፊስክ ትምህርት ቤት በአምስት ዓመቱ ሊዘጋ ደረሰ። የሒሳብ ሹሙና የመዝሙር አስተማሪው ጆርጅ ኋይት ዘጠኝ ተማሪዎችን ይዞ በኦክቶበር 1871 ለዜማ ወደ ሰሜን ወጣ። መጀመሪያ ላይ የሚዘምሩት የነጮቹን ዘመናዊ ዜማ ነበር። በባርነት ዘመን እናቶቻቸው በእርሻ ላይና በሌሊት ጸሎት የዘመሩትን በአደባባይ ማውጣት ከበዳቸው፤ የተቀደሰ ነው፣ የሚያምም ነው። አድማጩን የነካው ግን ያ ሆነ። ስማቸውን ከኦሪቱ የነጻነት ዓመት ከኢዮቤልዩ ወሰዱ። ገና ሲጀምሩ፣ ቺካጎ በእሳት በተቃጠለችበት ሰሞን፣ ያገኟትን ጥቂት ገንዘብ ለተቃጠለባቸው ሰጡ፤ ራሳቸው ካፖርት የሌላቸው ልጆች! በ1873 እንግሊዝ ውስጥ በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ። በሰበሰቡት ገንዘብ የተሠራው ኢዮቤልዩ አዳራሽ በ1876 ተመረቀ። ለሕንፃ ብለው ያወጡት ዜማ ከሕንፃው በላይ ኖረ፤ ያ ጉዞ ባይኖር ከመዝሙሮቹ ስንቱ ከአፍ ወደ መቃብር በወረደ ነበር። ዘማሪዎቹ ግን በድካም ታመሙ፣ ድምፃቸው ተሰበረ፤ በ1878 ቡድኑ ተበተነ። አዳራሹን ስታደንቁ ጉሮሮውንም አስቡት።

ከእናንተ አንዱ «ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን?» ብሎ ይሆናል። ያገባናል። በ1935 ኢጣሊያ ስትወርረን በዚያው በደቡብ ቺካጎ ሰው ለሰልፍ ወጥቷል፤ ከዚያው ከተማ አብራሪው ጆን ሮቢንሰን መጥቶ ለኢትዮጵያ በርሯል። ዶክተር መላኩ በያን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው፣ ከወረራው በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሰው፣ በ1937 ኒው ዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ ጥቁር አሜሪካውያን ለስደተኞቻችን ያዋጡት በዚያ በኩል ነው። ለእኛም ቆርቆሮ ተዘርግቷል። ሠዓሊዋ ሎይስ ማይሉ ጆንስ ኢትዮጵያን በስም የጠራ ታላቅ ሥዕሏን የሣለችው ከወረራው በፊት፣ በ1932 ነው። በሃዋርድ ለረጅም ዘመን አስተማረች፤ በ1970ዎቹ የእኛው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን በዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር ሲሆን እሷ ገና ጡረታ አልወጣችም።

ሌላም ክር አለ፤ በእሱ ልጨርስ።

ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ትራዮን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ባለ ሦስት ክፍል የእንጨት ቤት ውስጥ በ1933 ዩኒስ ዌይመን ተወለደች፤ ዓለም ዘፋኟ ኒና ሲሞን ይላታል። ቤቱ ባዶውን ቀርቶ፣ ቀለሙ ተልጦ፣ ለሽያጭ ቀረበ። በ2017 አራት ሠዓሊዎች፣ አዳም ፔንድልተን፣ ራሺድ ጆንሰን፣ ኤለን ጋለገርና አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምህረቱ፣ በ95,000 ዶላር ገዙት። በ2023 ሠዓሊዎች ሥራ የሰጡበት ጨረታና የእራት ግብዣ ተዘጋጅቶ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ፤ ጁሊም ሥዕል ሰጥታለች። ስለ እራቱ አብሳይ አልጠይቅም። ከገንዘቡ ይልቅ ደስ ያለኝ ግን ከጨረታው በፊት የተደረገው ነገር ነው። ቤቱ ወደፊት ማንም ይግዛው ማን እንዳይፈርስ የሚያስገድድ ሕጋዊ ውል ተፈርሞበታል። ቁልፉን ከገንዘቡ ቀድመው አበጁለት።

ኒናን ራሷንም መዋጮ ነው ያሳደጋት። የፒያኖ አስተማሪዋ በልጅቷ ስም ፈንድ አቋቁማ፣ የትራዮን ሰዎች፣ ነጩም ጥቁሩም፣ አዋጥተው አስተምረዋታል። ላዋጡት ሰዎች ምስጋና እንዲሆን፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች፣ በከተማዋ የፒያኖ ዝግጅት ተደረገ። እናትና አባቷ ለብሰው መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ሰዎች መጡና፣ ለነጮች ቦታ እንዲለቁ፣ ከኋላ እንዲቀመጡ አስነሧቸው። ራሷ በሕይወት ታሪኳ እንደተረከችው፣ ልጅቷ ከፒያኖው ተነሥታ፣ ሊሰሟት ከፈለጉ ወላጆቿ የምታያቸው ቦታ ላይ ይቀመጡ አለች። ፈንዱን የሞሉት ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ናቸው። አንዳንዶቹ ሣቁ። ወላጆቿ ወደ ፊት ወንበር ተመለሱ፤ እሷም ተቀምጣ መጫወት ጀመረች።